እሷ እሱን በላ

ልጅ ሳለሁ፣ ዲላ ቤታችን ውስጥ አንድ ድመትና አንዲት እንሽላሊት ነበሩን። ድመቱ ወንድ ነው፣ ለአይጥ ተብሎ የመጣ። እንሽላሊቷ ግን የእኔ ነበረች፤ የቤቱ መሠረት ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ በጣሳ ይዣት ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኳት፣ ከላይም የአጎበር ቁራጭ ወጠርኩበት። እማዬ ነገሩ አልጣማትም። ድመት እንሽላሊት ከበላ ይታመማል ትል ስለነበር፣ ድመቱ ሲያንዣብብ ካየችው ካርቶኑን ከነነዋሪዋ እንደምትጥለው ቁርጡን ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ሌት ተቀን የማወጣ የማወርደው፣ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ መኖር ይችሉ ይሆን ወይስ አይችሉም የሚለውን ነበር።

ያኔ መብራት ሲጠፋ ተረት የሚያወራልን የእማዬ አባት ነበር። አባባ ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ከመንደሩ ከጪጩ እየመጣ እኛ ዘንድ ይሰነብታል። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛው ላይ «እሱ» እና «እሷ» እንዳሻቸው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ እኛም ለምደነው እየገመትን እንሰማለን። አንድ ምሽት፣ የከሰሉ ፍም ፊቱን ከታች እያበራው፣ ጢሱም ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ የድመትና የእንሽላሊት ተረት ጀመረልን። ድመቱ ምድጃ ዳር፣ እንሽላሊቷ ቅርጫት ውስጥ ይኖራሉ። ባለቤትየው ገበያ ሄደ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፣ ተያዩ፤ ከዚያ አባባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሷ እሱን በላ» አለና ተረቱን እዚያው ላይ ጨረሰ።

ማን ማንን? ታናሽ ወንድሜ እንሽላሊቷ ድመቱን በላችው ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ግን ተረቱ የእኔዋን ዕጣ የሚናገር ስለመሰለኝ፣ የተበላው ማን እንደሆነ እንዲነግረኝ አባባን ለመንኩት።

ፍሙን ቆስቆስ አደረገና «ማን በላ አትበይ፣ የኔ ልጅ። ቅርጫቱን ማን ከፍታ ሄደች፣ እሱን በይ» አለኝ።

በተረቱ ውስጥ ያለው ባለቤት ወንድ ነበር፤ አባባ «ሄደች» ያለው እንደ ልማዱ ተሳስቶ ነው። እኔ ግን ስሜን የጠራኝ ያህል ደነገጥኩ። የእማዬን ስልክ ባትሪ አብርቼ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። አጎበሩ በአንድ ጥግ ተላቋል፤ ድመቱ እግሮቹን ሆዱ ስር ሰብስቦ ካርቶኑ ጎን ተቀምጧል። እንሽላሊቷ ውስጥ ነበረች፣ ጉሮሮዋ ስር ያለው ቆዳ ይርገበገባል። ድመቱን አቅፌ አወጣሁትና በሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ከጎረቤታችን አናጺ የጣውላ ክዳን ለምኜ ካርቶኑ ላይ ገጠምኩ። ከዚያ ወዲያ እሷን ፀሐይ ላወጣት ስል ድመቱን አስቀድሜ እዘጋበታለሁ፤ እሱ ሲወጣ እሷ ክዳኗ ስር ናት። እማዬም የመጣሉን ነገር ዳግም አላነሳችም።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ድመቱ ድመትነቱን እንዲተው፣ እሷም ከእሱ እንድትፈጥን ስመኝ መክረሜ ነው። ሁለቱም የሚያውቁትን ነበር የሚያደርጉት። ክዳን መግጠም የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።