የሚጨቃጨቀው እድር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ትርንጎ ከጎንደር ደውላ አዲስ የገባችበትን መሥሪያ ቤት አሞገሰችልኝ። «አጎቴ፣ በስብሰባ የሚከራከር የለም። አለቃችን ይናገራሉ፣ እኛ እንስማማለን።» ዳባት ገበያ ዳር ትኩስ ድንች በአዋዜ እየበላሁ ነበርና ሳቄ ሊያንቀኝ ደረሰ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ጭቅጭቅ የሌለበት ማኅበር ሁሉ ጠንካራ ይመስለኝ ነበር። መኪና በማይገባበት አገራችን በሽተኛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ የቃሬዛ እድር አለ። አባቴ ያሉበት የላይ ሰፈሩ እድር ስለ አንድ የቃሬዛ ማሰሪያ ጠፍር ሲከራከር ፀሐይ ትጠልቃለች። በታች ሰፈሩ ግን የእድሩ ዳኛ ይናገራሉ፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ይህ ሥርዓት ማርኮኝ እዚያ ገባሁ። አባቴ ሳቁብኝ። «ደግ ነው፣ አንተ ከዝምተኞቹ ሁን፤ እኔ ጭቅጭቄን አልተውም» አሉኝ።

ሐምሌ ላይ፣ ጉሙ ከሰሜን ተራራ ወርዶ ደጃፉን በሸፈነበት ማለዳ፣ ለመውለድ ወደ ቤታችን የመጣችው እህቴ ምጡ ጠናባት። አዋላጆቹ ዳባት ጤና ጣቢያ ካልደረሰች እናጣታለን አሉ። በጭቃው እየወደቅሁ ወደ ታች ሰፈር ሮጥሁ። ሰዎቹ ከልባቸው አዘኑልኝ። ግን ዳኛው ለጉዳይ ጎንደር ሄደዋል፤ ቃሬዛውም እሳቸው ቤት ተቆልፎበታል።

«እሳቸው ሳያዙማ እንዴት አድርገን?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ክፉዎች አልነበሩም፤ ሳይታዘዙ መነሣት አልለመዱም እንጂ። እያለቀስሁ ስመለስ ከጉሙ ውስጥ የሰዎች ጭቅጭቅ ሰማሁ። የላይ ሰፈሮቹ አባቴ ገና ሲጣሩ ተነሥተው እህቴን ተሸክመው እየወረዱ ነበር።

«የወንዙ መልካ ሞልቷል፣ በዳገቱ እንዙር።»

«ማን አየው? በዚህ ዝናብ አይሞላም።»

አንዱ ቀድሞ ሄዶ አየና መሙላቱን ጮኾ ነገራቸው። ወዲያው ዞሩ። የተረታውም ትከሻውን ከቃሬዛው ሳያነሣ ማጉረምረሙን ቀጠለ። እኔም ገብቼ ተሸከምሁ። እንደዚያ ቀን ጭቅጭቅ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እህቴም ተረፈች። አባቴ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሰዎቹ ግን የገብስ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ በልጅቷ ስም ክርክር ጀመሩ።

ይህን ሁሉ ለትርንጎ ነገርኋትና «አለቃሽ የሌሉ ዕለት ቃሬዛውን ማን ያነሣል?» ብዬ ጠየቅኋት። ያስቀየምኋት መስሎኝ ፈራሁ።

«የለም አጎቴ» አለችኝ፤ «ጭቅጭቅ ብቻውንም ቃሬዛ አያነሣም። ሲጨቃጨቁ ውለው ባዶ እጃቸውን የሚገቡም አሉ።» ከዚያ ድንቹ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተከራከረችኝ።

እፎይ አልሁ። ያን ቀን እየተከራከሩ ያተረፏት ልጅ እሷው ናት።