መደርደሪያው ባዶ ይሁን

ሃዋኒ ወደ ጌዶ ከተማ የመጣችው በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። የመንገዱ ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። ከሚኒባስ ወርዳ በባጃጅ እስከ ትምህርት ቤቱ በር መጣችና አንድ ሻንጣና አንድ የተጠቀለለ ፍራሽ ይዛ ቆመች። ጥበቃችን ኦቦ ጉዩ አያትና፦

"የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከሆንሽ ምዝገባው አልቋል" አላት።

"የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ።"

"እንግዲያውስ ያለቀልሽ አንቺ ነሽ!" ብሎ ሳቀ።

ኦቦ ጉዩ ዝም ብሎ አልነበረም የቀለደው። የቤተ መጻሕፍቱን ክፍል ዘጠኝ ዓመት ያጸዳሁት እኔ የጽዳት ሠራተኛዋ ነኝ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግን አጸዳሁ ስል ደፉንና በሩን ነው፤ ውስጡ አይከፈትም ነበር። እግር የሌላቸው ዴስኮች፣ የተበጣጠሰ የመረብ ኳስ መረብና ገመዳቸው እንኳ ያልተፈታ ሰባት ካርቶን መጻሕፍት እስከ ጣሪያው ተከምረው ነበር። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው አንድ ገጽ የተቀደደበትን ልጅ "ወላጅ አምጣ" ይል ነበር። ልጆቹ ወላጅም መጽሐፍም ሳያመጡ ቀሩ። እሱም መጽሐፉ አለቀ ብሎ ጭራሽ ዘጋው።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ለምትጀምሩት ነው። ሃዋኒ አሁን አምቦ አዲሶቹን ታሠለጥናለች። ጳጉሜን ላይ ልትጠይቀኝ መጥታ "አዴ ሲንቄ፣ ያየነውን እርስዎ ይንገሯቸው" አለችኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም፤ መጻፍ ግን እችላለሁ። የተማርኩት በፊደል እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቁቤውን፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ የለመድኩት እዚያው ቤተ መጻሕፍት ከልጆቹ ጋር ነው። ስህተት ካያችሁ እለፉልኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሃዋኒ አንድ መጽሐፍ አልነካችም። ዴስኮቹን አንድ በአንድ እየጎተተች አወጣችና በርእሰ መምህሩ በኦቦ ጉተማ ቢሮ በር ላይ ደረደረቻቸው። ኦቦ ጉተማ ጠዋት መጥተው፦

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

"የትምህርት ቤቱ ዴስክ ነው። እኔ ፈርሜ የተረከብኩት መጻሕፍት ብቻ ነው።"

ሰውነታቸው ሞላ ያለ ስለሆነ ሁለት ቀን በጎን እየገቡ በጎን ወጡ። በሦስተኛው ቀን ዴስኮቹ አናጢ ዘንድ ተወሰዱ።

ከዚያ የጠመኔ ካርቶን በመዳፍ ልክ ቆርጣ ለእያንዳንዱ ልጅ ካርድ ሠራች፤ ስም፣ ክፍል፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የሚመለስበት ቀን። ለመጻሕፍቱ መሸፈኛ የሲሚንቶ ከረጢት ከሕንጻ ሥራ ቦታ ለምነን አመጣን። ከረጢቱን አራግፋችሁ የውስጠኛውን ወረቀት ተጠቀሙ፤ የውጭኛው አቧራው አይለቅም። እያንዳንዱ ልጅ አንድ መጽሐፍ ለአሥር ቀን ቤቱ እንዲወስድ ፈቀደች። ኦቦ ጉተማ ይህን ሲሰሙ እየሮጡ መጡ።

"ቤት? ከብት ይበላዋል!"

"ከብት ይብላው። እስከ ዛሬ አይጥ ነው የበላው።"

እውነትም ከብት በላው። ለንሳ የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ጥጃ ያኘከውን መጽሐፍ ሹራቧ ውስጥ ሸጉጣ እያለቀሰች በሩ ላይ ቆመች። ሃዋኒ መጽሐፉን ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገችና "ጥጃው የትኛውን ታሪክ ነው የወደደው?" አለቻት። ልጅቷ ንፍጧን እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ መጻሕፍቱን የምጠግነው እኔ ስለነበርኩ እኔ ዘንድ ተቀምጣ የራሷን መጽሐፍ ራሷ ጠገነች። ደንቡ ይኸው ሆነ፤ ቀድዶ የመጣ አይገሠጽም፣ አይመታም፣ ወላጅ አይጠራም፤ ቁጭ ብሎ ይጠግናል።

ስለ ጥገናው ያየሁትን ልንገራችሁ። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፣ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አፍሉት። ጥቂት ጨው ጣል አድርጉበት፤ ቶሎ አይሸትም። ስትቀቡ ሳሳ ይበል፤ ካወፈራችሁት አይጥ ትጠራላችሁ። ስትሰፉ መጀመሪያ በምስማር ብሱ፣ ክሩን እጥፍ አድርጉ፣ መርፌው በእጥፋቱ ላይ ይለፍ። ዳር ዳሩን ከሰፋችሁት መጽሐፉ አይዘረጋም፤ ልጁም ሲታገል መልሶ ይቀድደዋል።

ወሬው ልጆቹ ዘንድ ሲደርስ በድሮው ሰውዬ ጊዜ የተደበቁ መጻሕፍት ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። አንዱ ከጎተራ ሥር ወጣ፣ አንዱ ከኮርኒስ። አሥራ ዘጠኙን በእጄ ጠግኛለሁ። እስከ መጋቢት ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ መጻሕፍት በየቤቱ ነበሩ።

በዚያው በመጋቢት ኢንስፔክሽን እንደሚመጣ ደብዳቤ ደረሰ። ኦቦ ጉተማ ሃዋኒን አስጠሯት። እኔ የቢሮውን መስኮት እያጠብኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

"መጻሕፍቱ እስከ ረቡዕ ይሰብሰቡ። ሐሙስ ሲመጡ መደርደሪያው ሙሉ መሆን አለበት።"

"ከሐሙስ በኋላስ?"

"ከሐሙስ በኋላ እንደፈለግሽ በትኚው።"

"ኦቦ ጉተማ፣ እነዚህ ልጆች አንድ ጊዜ በር ተዘግቶባቸዋል። አምጡ ስንላቸው መልሰን የምንዘጋ ነው የሚመስላቸው። ያልተቀደደው ይመጣል፤ የተቀደደው ተመልሶ ጎተራ ሥር ይገባል።"

"ማል ጄታ? ምን ማለትሽ ነው? የሙከራ ጊዜሽ በዚህ ወር ያልቃል። ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ይሙሉት።"

ኦቦ ጉተማ ክፉ ሰው አልነበሩም። የወረዳው ስብሰባ ላይ የእኛ ትምህርት ቤት ስም መጨረሻ ሲጠራ አንገታቸውን የሚደፉት እሳቸው ናቸው። እኔም ፈራሁላት። ውጭ ጠብቄ "ልጄ፣ ለአንድ ሳምንት ነው፤ እሺ በያቸው" አልኳት።

"ለንሳን ልጥራልዎትና እርስዎ ይንገሯት" አለችኝ።

አልቻልኩም።

ሰኞ በሰልፍ ላይ ኦቦ ጉተማ በድምፅ ማጉያው "መጽሐፍ የወሰደ ሁሉ ነገ ያምጣ!" አሉ። ሃዋኒ ወደ ባንዲራው እርከን ወጥታ እጇን ዘረጋች። ትእዛዛቸውን ልታጸናላቸው መስሏቸው ማጉያውን ሰጧት።

"አንብቦ የጨረሰ ያምጣ" አለች። "ያልጨረሰ ይጨርስ። ካርዱ ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት ማንም አይጠየቅም።"

ማጉያውን በሁለት እጇ አክብራ መለሰችላቸው። ኦቦ ጉዩ ከበሩ ሆኖ "አሁንስ በእውነት አለቀላት" ሲል ሰማሁት።

በማግስቱ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች የጨረሱትን ይዘው መጡ። ተቀበለቻቸውና እዚያው ሌላ ሠላሳ አስይዛ ሰደደቻቸው። ኦቦ ጉተማ ከየክፍሉ እየዞርኩ እንድሰበስብ እኔን አዘዙኝ። እምቢ አልኩ አልልም፤ እንዲያ ያለ ድፍረት የለኝም። ጉልበቴን አመመኝ አልኳቸው። ጉልበቴ ደህና ነበር።

ሐሙስ ሁለት የኢንስፔክሽን ሰዎች መጡ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የገባችው መነጽር ያደረገች፣ መንገድ ያደከማት ሴት ናት። መደርደሪያዎቹን ከላይ እስከ ታች አየች።

"መጻሕፍቱ የት አሉ?"

"በልጆቹ ቤት።"

ሃዋኒ ካርዶቹን በጫማ ካርቶን አቀረበችላት። ሴትየዋ ጥቂቶቹን አገላበጠች። ከተመለሱት አንዱን አንስታ አሸተተች።

"ጭስ ጭስ ይላል።"

"ምድጃ ዳር ተነቦ ነው።"

"ቅጹ የሚጠይቀው መደርደሪያ ላይ ያለውን ነው፣ እህቴ።"

"እንግዲያውስ መደርደሪያው ባዶ ነው ብለው ይጻፉ።"

"ነጥብ ይቀንስባችኋል እኮ።"

"ይቀንስ። እኔ የተቀጠርኩት ለእንጨቱ አይደለም።"

ሴትየዋ ጻፈች። አላዘነችልንም፤ ዝቅተኛውን ነጥብ ነው የጻፈችው። ስትወጣ ብቻ ወደ እኔ ዞር ብላ ማጣበቂያው በስንት ጊዜ እንደሚደርቅ ጠየቀችኝ። ከባድ ነገር ከተጫነበት በአንድ ቀን አልኳት።

ኦቦ ጉተማም ቅጹን ሞሉ። የሙከራ ጊዜዋ በሦስት ወር ተራዘመ። በምክንያቱ ቦታ "ትእዛዝ አትቀበልም" ብለዋል። ሃዋኒ ቆማ አነበበችውና "ይሄ እውነት ነው" ብላ ፈረመች። ሦስቱን ወር ማዋሷን አንድ ቀን አላቋረጠችም። ሰኔ ላይ ግን መጻሕፍቱ ሁሉ መመለስ አለባቸው፤ ያኔ ካልመጡ ኦቦ ጉተማ ትክክል ሆኑ፣ እሷም ተባረረች ማለት ነው። ይህን ጥበቃውም መምህራኑም ያውቃሉ፤ እሷም ታውቃለች። ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ከዓይኗ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ፊት ግን አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችም።

እናንተንም እንዲህ ያለ ነገር ይገጥማችኋል። መጽሐፍ ካልወጣ አይጠፋም የሚሏችሁ ብዙዎች ናቸው፤ እውነታቸውን ነው፣ አይጠፋም። ዝቅ ያለ ነጥብ ግን ሰው አይገድልም፤ ሃዋኒ ይኸው አለች።

በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ኦቦ ጉተማ ዝርዝሩን ይዘው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀመጡ። ልጆቹ መጡ፤ በፌስታል፣ በነጠላ ጫፍ፣ በብብታቸው ሥር ይዘው። በገበያ ቀን አንድ ገበሬ የሦስት ልጆቹን መጻሕፍት በአህያው ላይ ጭኖ መጣና ጫማውን ደፍ ላይ አውልቆ ገባ። ኦቦ ጉተማ በእያንዳንዱ ስም ላይ ምልክት አደረጉ። ዓርብ ማታ ስድስት ቀሩ።

"ስድስቱስ?" አሉ።

"እየተነበቡ ይሆናል።"

"ወይም ተቃጥለዋል።"

"ወይም ተቃጥለዋል" አለች ሃዋኒ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

ኦቦ ጉተማ ከኪሳቸው የታጠፈ ቅጽ አወጡ፤ የቋሚነት ቅጿ ነው። ብዕራቸውን ሲከፍቱ ሃዋኒ እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ጠጋ አልኩ።

"ከመፈረምዎ በፊት ይወቁት" አለች። "ክረምቱን በሙሉ ማክሰኞና ዓርብ እከፍታለሁ። ካልፈለጉ አይፈርሙ።"

"ክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ነው! ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም።"

ጣሪያው ላይ ዝናቡ መዝነብ ጀምሮ ነበርና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "በዚህ ዝናብ አንድም ልጅ አይመጣልሽም" አሉ።

"ይመጣሉ።"

እጇን አነሳች። ብዕሩን ተጭነው ስለፈረሙ ወረቀቱ ተበሳ።

በመጀመሪያው ማክሰኞ አሥራ አንድ ልጆች መጡ፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር። ደፉን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።