መጻጉዕ ላይ የቀረው ተማሪ

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የልጅ ልጄ ሜሮን አንድ ደብተርና እርሳስ ይዛ ወደ በረንዳው መጣች። መሐሉን ገልጣ ባዶ ገጽ አወጣችልኝና «አባባ፣ አዲስ ዓመት ደረሰ እኮ። ያለፈውን ያስቡና የሚመጣውን ዓመት እቅድዎን ይጻፉ። መጻፉ ለእርስዎ ደግ ነው ብሏል ሐኪሙ» አለችኝ።

ሳቅሁ። ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ምን እቅድ አለው? ጥርሱ እንዳያልቅ ካልሆነ በቀር። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ግን እርሳሱን አነሣሁና ብዙም ሳላስብ «አንደኛ፦ ቤተ ልሔም መሄድ» ብዬ ጻፍሁ። የጻፍሁትን አይቼ ራሴም ደነገጥሁ።

በጃንሆይ ዘመን፣ የዐሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ ዓላማዬ ይኸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከእስቴ ተነሥቼ ስማዳ የገባሁት፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ወደምትርቅ አንዲት የገጠር ደብር ዜማ ልማር ነው። የዐቢይ ጾሙን የዜማ መጽሐፍ፣ ጾመ ድጓን፣ እዚያ እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ጋይንት ተሻግሬ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ አስመሰክራለሁ፤ ተፈትኜ መምህር እባላለሁ። በእኛ አገር ቤተ ልሔም ያስመሰከረ ሰው የትም ደብር ቢሄድ ተነሥተው ቦታ ይለቁለታል። አባቴማ ገና ዳዊት ሳልደግም ጀምሮ፣ በሬ ሲጠምድ እንኳ «መሪጌታው ልጄ፣ እስቲ ሞፈሩን አቀብለኝ» ይለኝ ነበር።

መምህሬን የምንጠራቸው «የኔታ» ብለን ብቻ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው የሚያስፈራ ሰው ነበሩ። ጓሮ ገብተው ጎመን እየቀነጠሱ፣ እኛ ከወይራው ሥር ስናዜም አንዲት የዜማ ምልክት ከዘለልን «ተመለስ!» የሚል ድምፅ ከጎመኑ መሐል ይመጣል። ደግነታቸውም የዚያኑ ያህል ነበር። ለቁራሽ ልመና ወጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ተማሪ ካለ የራሳቸውን እራት ከፍለው ይሰጡታል።

አንድ ሕግ ነበር። ተማሪ መምህሩ ሳይመርቀው አይሄድም። ሳይመረቅ የሄደ እንደሆነ ትምህርቱ አይበረክትለትም፤ ዜማው ከአፉ ይጠፋል ይባላል። ያኔ እኔም ፀሐይ ነገ እንደምትወጣ የማምነውን ያህል አምንበት ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ የባቄላው እሸት ሲደርስ፣ ጾመ ድጓን ጨርሼ የመጨረሻውን ክለሳ ያዝሁ። ክለሳው ሲያልቅ እመረቃለሁ። የጾሙን ሳምንታት ዜማ በተራ፣ ዘወረደን፣ ቅድስትን፣ ምኩራብን አሰማሁ። በአራተኛው ቀን መጻጉዕን አዜምሁላቸው፤ አንድም ቦታ አልመለሱኝም። «ደግ ነው፤ ነገ ደብረ ዘይት» አሉኝ። ደስ ብሎኝ አደርሁ።

በነጋታው ከፊታቸው ስቀመጥ «የት ደርሰህ ነበር?» አሉ።

«ደብረ ዘይት ነኝ፣ የኔታ።»

«መጻጉዕን መቼ አሰማኸኝና? አትዝለል፣ ልጄ።»

መጻጉዕን አሰማሁ። በማግሥቱም «የት ደርሰህ ነበር?» ሲሉ ያንኑ አልሁ፤ ያንኑ መለሱልኝ። መጀመሪያ የሚፈትኑኝ መሰለኝ። ቀጥሎ ትዕቢቴን አይተው የሚቀጡኝ መሰለኝና ሁለት ቀን ጾምሁ። እንዲህ ያለ ሞኝ ነበርሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቁርስ በልተው እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ «ዛሬ ቁርስ የለም ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። ያኔ ገባኝ፤ መርሳት ይዟቸዋል።

አራት ተማሪዎች ነበርን። አንዱን አባቱ መጥቶ ወሰደው። ሁለቱ ምርቃቱም ይቅር ብለው ጠፉ። ብቻዬን ቀረሁ።

የየኔታ ባለቤት እትዬ ውዴ፣ አንድ ቀን ሽምብራ ስንወቃ፣ በትሯን አቁማ ወደ እኔ ዞረች።

«ልትሄድ እያሰብህ ነው አይደል?»

እኔ ሽምብራውን መውቃት ቀጠልሁ።

«አልፈርድብህም። ግን አንድም ተማሪ ከሌለ ደብሩ የመምህርነቱን መሬት ለሌላ ይሰጣል። የሚያርሱት እሱን ነው፤ ሌላ የለንም። የታመሙ አይመስላቸውም እኮ፤ እንዳትነግራቸው።»

«እስከ መቼ ነው፣ እትዬ?»

«እኔስ ምን አውቄ» አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ለማን አቤት ይባላል? ለደብሩ አለቃ ብናገር የኔታን ከመሬታቸው አስነቅላለሁ። ለየኔታ ብናገር በነጋታው ይረሱታል፤ የነገርኋቸው ዕለት ግን ያውቁታል፤ ያንን ቀን ማየት አልፈለግሁም። እናም በየጠዋቱ መጻጉዕን አዜማለሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያ ሳምንት ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋው ላይ ተኝቶ ወደ ውኃው የሚያወርደው ያጣው በሽተኛ የሚታሰብበት ነው። ስለሱ ሳዜም መጀመሪያ ለሱ አዝን ነበር፤ እየቆየሁ ለራሴ ማዘን ጀመርሁ።

ጥር ላይ ጋይንት ወዳለችው ወደ አርብ ገበያ ከተማ የሚወርዱ ነጋዴዎች በመንደራችን አለፉ። እስከዚያ አብሬያቸው ብወርድ ቀሪው መንገድ ቀላል ነበር። በሶዬን ቋጠርሁ፤ ጾመ ድጓዬን አነገትሁ። የኔታ ፊት ተንበርክኬ «የኔታ፣ ይመርቁኝ፤ ቤተ ልሔም ልሄድ ነው» አልሁ። ይከለክሉኛል ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

እንደዚያ ያለ ምርቃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ድምፅህን ይባርክልህ፣ ዕድሜህን ያርዝምልህ፣ ከሊቃውንቱ ይደምርህ እያሉ ረጅም ጊዜ መረቁኝ፤ እንባዬ ጉልበታቸው ላይ ወረደ። በመጨረሻ ጉንጬን ዳሰስ አድርገው «በል ሂድ፣ ልጄ ኃይሉ» አሉኝ።

ስሜ ኃይሉ አይደለም። ኃይሉ እኔ ከመምጣቴ ዓመታት ቀደም ብሎ ያስተማሩት፣ ቤተ ልሔም ሳይደርስ መንገድ ላይ በንዳድ የሞተ ተማሪያቸው ነው።

ያም ሆኖ ወጣሁ። ከነጋዴዎቹ አህዮች ኋላ አቧራውን እየዋጥሁ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ሄድሁ። የማን ምርቃት ነው ይዤ የምሄደው? የሙት ሰው ምርቃት ለእኔ ይሠራል? ዞር ስል የኔታ ወይራው ሥር ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። የትምህርት ሰዓቴ ደርሶ ነበር። ከፊታቸው ማንም የለም፤ እሳቸው ግን እኔ ሳዜም እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

ተመለስሁ። በሶውን ለእትዬ ውዴ ሰጠሁና ከፊታቸው ተቀመጥሁ።

«የት ደርሰህ ነበር?»

«መጻጉዕ ላይ ነኝ፣ የኔታ።»

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንደዚያ ኖርሁ። የኔታ በሐምሌ ዝናብ ዐረፉ። የቀበርናቸው ዕለት የትኛውም ዜማ ከአፌ አልወጣም። እስቴ ስገባ አባቴ ታሞ ጠበቀኝ፤ ሞፈሩን ያዝሁ፤ ከዓመታት በኋላ ከተማ ገብቼ የጽሕፈት ሥራ ያዝሁ፤ አገባሁ፤ ወለድሁ። ቤተ ልሔም የአንድ ሁለት ቀን መንገድ ሆኖ ሳለ አልሄድሁም። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አንዳንዴ ያናድደኛል። የምናደድበት ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እዚህ ድረስ ጽፌ እጄ ስለደከመ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጥሁ። «አንደኛ፦ ቤተ ልሔም መሄድ» ይላል፤ ጽሕፈቱ የእኔው ነው። ከሥሩ የየኔታ ታሪክ። ጥቂት ገጽ ገለጥሁ፤ እንደገና «አንደኛ፦ ቤተ ልሔም መሄድ»። ከዚያም ሌላ። «ሁለተኛ» የሚል አንድም ቦታ የለም።

ሜሮን ሻይ ይዛ መጣች። «የት ደረሱ፣ አባባ?» አለች። ፊቷን አየሁት። አውቀዋለሁ ያንን ፊት፤ ወይራው ሥር ስቀመጥ የያዝሁት ፊት ነው። የገለጥሁትን ገጽ አይታ እርሳሴን ወስዳ ቀረጸችልኝ።

«ሁለተኛ፦ ሜሮንን በስሟ መመረቅ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ «ነይ፣ ተንበርከኪ» አልኋት። እጄን ራሷ ላይ ጭኜ፣ ስሟን ሦስት ጊዜ እየጠራሁ፣ የማውቀውን ምርቃት ሁሉ መረቅኋት። ነገም ረስቼው እንደ አዲስ ልመርቃት እችላለሁ፤ እሷም አትነግረኝም።