በማኅደር የተያዘ ተራ

በማኅደሬ ውስጥ ያለውን ነገር ሽማግሌው ቄስ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር ይሆን? መልሱን እስካሁን አላገኘሁም።

የመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ኮብልስቶን ሊነጠፍበት ሲዘጋ የደብረ ታቦር አውቶቡስ ከከተማው ዳር ካለ አውድማ መነሣት ጀመረ። ተራ የምንይዘው ዕቃችንን አሰልፈን ነበር፤ አንዱ ዱላ፣ አንዱ ፌስታል፣ አንዷ እግሩ የታሰረ ዶሮ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ካመለጠኝ የቅዳሜ ትምህርቴ ቀረ ማለት ነው፤ ዘግይቼ ስለጀመርኩ ደግሞ አንድ ቀን መቅረት ያንገበግበኛል። ስለዚህ መጽሐፌን ዝናብ እንዳይነካው በአባቴ የዳዊት ማኅደር ከትቼ አሰለፍኩት።

ከእኔ ቀጥለው የተሰለፉት ሽማግሌ ቄስ የቆዳ ማኅደሩን ሲያዩ ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። ከኋላቸው ያሉት እናቶችም ተከተሉ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ዱላውም ዶሮውም ሲገፈተር የእኔን የሚነካ ጠፋ። «ባለ ዳዊቷ ትቅደም!» ይላሉ፤ እኔም ማኅደሬን አቅፌ እሳፈራለሁ።

መናኸሪያው የተከፈተ ዕለት ከቄሱ ጎን ቆሜ ሳለ ምስጢሬን መያዝ አቃተኝ።

«አባ፣ ያ እኮ ዳዊት አልነበረም። የባዮሎጂ መጽሐፍ ነው፤ ውስጡ እንቁራሪት ነው ያለው።»

«እንቁራሪቷን ታዲያ ማን ፈጠራት?» አሉና ቀድመውኝ ተሳፈሩ።