በማይክ ያነበብኩት ወረቀት

የለስላሳ ጣሳ ሲከፈት የሚያሰማው ትንፋሽ መሳይ ድምፅ እስከ ዛሬ ያሸማቅቀኛል። ባለፈው እናንተ ቤት ልጆችሽ ሲከፍቱ ፊቴ ለምን እንደተለወጠ ጠይቀሽኝ ወሬ ቀየርኩብሽ። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ነበር። አባቴ ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ፓርኪንግ ውስጥ፣ የመኪና ጭስ በሚሸት የሒሳብ መቀበያ ቡዝ ተቀምጦ ይውላል። ስኳር እንዳለበት ካወቅን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ያም ሆኖ በጾም ቀን ምሳው ዳቦና የብርቱካን ለስላሳ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ፈገግታ የማይለያት አሜሪካዊት መጣች። ከጤና ድርጅት ነኝ አለች። እርምጃ የምትቆጥር ትንሽ መሣሪያ ለሁሉም በነጻ አደለች። የሰበካው ሊቀመንበር ማይኩን ሰጡኝና የያዘችውን ወረቀት ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ። "ዋናው ነገር መንቀሳቀስ ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው የሚወደውን መጠጥ መተው አያስፈልገውም።" አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው አባቴ ነበር።

እናቴ ሌክውድ ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው።

"እኛ ጋ ስኳር ላለበት ሰው ለስላሳ አናቀርብም" አለች መኪና ውስጥ። "ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?"

"ልጅሽ በማይክ ያነበበችውን ልትሽሪ ነው?" አላት አባቴ እየሳቀ።

ከዚያ ወዲያ በእረፍት ሰዓቱ የፓርኪንጉን ፎቆች በእግሩ ይወጣ ይወርድ ጀመር። ቤት ሲገባ የእርምጃውን ቁጥር ያሳየኝና ጣሳውን ይከፍታል። ከስኳሩ የተነሳ እግሩ እንደደነዘዘ፣ ጫማው ሲልጠው እንዳልተሰማው ማናችንም አላወቅንም። እናቴ ካልሲውን ስታጥብ ሽታው ነገራት። ሆስፒታል ወሰድነው፤ ሐኪሞቹ የእግሩን ሁለት ጣቶች ቆረጡ።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ያን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁት። ጀርባው ላይ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ለድርጅቱ ገንዘብ የሚሰጠው አንድ የለስላሳ ፋብሪካ መሆኑ ተጽፏል። ያኔ አላነበብኩትም። ዛሬ ማንኛውም ወረቀት ሲሰጠኝ ከጀርባው ነው የምጀምረው፤ ባሌ ይስቅብኛል።

በሚቀጥለው እሑድ ያነበብኩትን ለማረም ማይኩን እንዲሰጡኝ ሊቀመንበሩን ለመንኳቸው።

"ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ለአዳራሹ ትልቅ ፍሪጅ ሊገዙልን ቃል ገብተዋል። አሁን ነገር አታንሺ" አሉኝ።

"ውስጡ የሚገባውንስ ማን ነው የሚገዛው?" ብላቸው ማይኩን ይዘው ዞር አሉ።

ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ ለትልልቆቹ መናገር ጀመርኩ። አንዲት እናት እጄን ያዝ አደረጉና "ያኔም የነገርሽን አንቺ ነሽ፣ ዛሬም አንቺ ነሽ። የቱን እንመን ልጄ?" አሉኝ። በክፋት አልነበረም።

ለአባቴ እያለቀስኩ ነገርኩት።

"አንቺ የተጻፈውን ነው ያነበብሽው" አለ።

ፋሻው በተነሳለት ሳምንት በክራንች እየተደገፈ አዳራሽ ገባ። እናቴ ቁስሉን ስትጠርግለት እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው፣ መሃል ላይ ወንበር አስቀምጦ ካልሲውን አወለቀ።

"ልጄ እውነቷን ነው" አለ። "ኑና እዩ።"

በመጀመሪያ የመጡት እኚያ እናት ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፣ አማተቡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሊቀመንበሩ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። ፍሪጁም ለስላሳ ተሞልቶ በወሩ መጣ፤ የጠጣ ጠጣ፣ የተወ ተወ።

ሰው ሁሉ አይቶ ሲበተን አባቴ ማጎንበስ አቃተው። ተንበርክኬ ካልሲውን አነሳሁ። እግሩ በረዶ ሆኗል። ከማጥለቄ በፊት በሁለት እጄ ይዤው ቆየሁ፤ እሱም ተነሺ አላለኝም።