አንገት ላይ የተሰፋው ወረቀት

ማክሰኞ ጠዋት ከሞላሌ የተነሣሁት ፀዳለን ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ነው። ልጅቷ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔ በምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንደ እሷ የሚያነብ አልነበረም። ከጥቅምት ወዲህ ግን ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰድባታል። ትምህርቷን ትታለች።

ሁለት ሰዓት። ሚኒባሱ ሞልቷል፤ የገብሱን ማሳ ጉም ውጦታል። ፀዳለ ጆሮዋን ይዛ ከእናቷ ከአስካለ ጎን ኩርምት ብላለች። ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌ ዝም አላሉም።

«ለዚህ ሐኪም ምን ያውቃል? ደግሞ ወሬው ከወጣ ማን ያገባታል?»

«አባባ፣ የዓይንዎን ሞራ ማን ገፈፈልዎ?» አልኩ መነጽራቸውን እያየሁ።

«ሐኪም ነዋ!»

«ጭንቅላትም እዚያው ዓይን አጠገብ ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። «አቤት ምላስ!» አሉ ሽማግሌው፤ እሳቸውም ሳቁ።

አምስት ሰዓት፣ ከተማ፣ ሆስፒታል። የካርድ ክፍሉ ወጣት የጤና ጣቢያውን መላኪያ ወረቀት ጠየቀ። አስካለ የልጇን አንገት ገለጠች። ከማተቧ ጋር በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ተንጠልጥሏል።

«ይኸው! ጤና ጣቢያ የጻፉላትን ወረቀት አሰፍቼላታለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ካንገቷ አልወረደም።»

ወጣቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢሆን እኔም አሰፋው ነበር። በእኛ አገር ለሕመም የተጻፈ ነገር አንገት ላይ ይታሰራል። ወዴት እንደሚወሰድ ማን ነገራት?

«ቅደጂው» አልኳት።

«ክታብ ይቀደዳል እንዴ እትዬ? ቢብስባትስ?»

«ደብዳቤ ነው፤ ተቀባይ አለው።»

ፀዳለ ክታቡን ካንገቷ አወለቀችና ስፌቱን በጥርሷ ፈታችው።

ወጣቱ ወረቀቱን አየ። «ጊዜው አልፏል። አሳድሳችሁ ኑ።»

«ሕመሙ አላለፈም» አልኩ። «ሳትታይ አንሄድም።»

ሦስታችንም መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥን። ዘበኛው «ተነሡ» አለ። አልተነሣንም። ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ነርስ ወጥታ የተጨማደደውን ወረቀት አነበበችና «ግቡ» አለች።

ፀዳለ ብቻዋን ከሐኪሙ ጋር ብዙ አወራች። ኪኒን ታዘዘላት፤ ቀጠሮም ተያዘ። አስካለ ስለምታስጠጣት ጸበል ጠየቀች።

«ጸበሉንም ትጠጣ፤ ኪኒኑንም አታቋርጥ» አላት ሐኪሙ።

ማታ ሞላሌ ገባን። ወረቀት መስጠት ማከም እንዳልሆነ ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው። በማግስቱ በእነ አስካለ ቀበሌ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። «ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት ስትሰጡ በአፍም ንገሩት» አልኳቸው።

«ሥራ ይበዛብናል።»

«እንግዲያው ወንበር ስጡኝና እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ላንብብላቸው።»

ወንበር የለም አሉኝ። ሐሙስ የራሴን በርጩማ ይዤ ሄድኩ።