ጉልበትህን እጠፍ

ሓድነት በሚባል ሰፈር አንድ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ሆኜ የገባሁ ቀን ነው። በበሩ የሚገባው ፀሐይ ብናኙን እንደ አገሬ እንደ ደሴ ጉም ያንሳፍፈዋል። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እንጃ።

ጎንበስ ብዬ ጆንያውን ልመነጭቅ ስል «ወደይ፣ ልጄ፣ ወገብህን ተው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ክምሩ ላይ ዱቄት እንደ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተደላድለው ተቀምጠዋል።

«ጉልበትህን እጠፍ። ደረትህ ላይ አስጠግተህ እቀፈው። በል፣ በእግርህ ተነስ።»

አለቃው መሆን አለባቸው ብዬ ታዘዝኩ። ጆንያው እንደ ሕፃን እቅፌ ውስጥ ገባ። ድምፃቸውን እየሰማሁ ስንሳፈፍ ዋልኩ።

ሥራ አልቆ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ምነው አቦይ?»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። «በል እኔንም እንደዚያው አንሳኝ። ጠዋት እንዳንተው ጎንበስ ብዬ ስመነጭቅ ወገቤ ቀጭ አለ። አለቃው መጥቶ ሳያየኝ ልቁም።»